ደብተሩ ጋሽ ሁሴንን በር ላይ ያስቆመበት አርብ

መጀመሪያውኑ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ገጠመኙን የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን እስከ መጨረሻ ይዞ ይቆይና አንባቢ ሲያዝንለት ያወጣዋል። እኔ እንደዚያ አልችልም። አጥፊዋ እኔ መሆኔን አውቃችሁ አንብቡኝ።

የምሠራው አሰላ ውስጥ ለገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በሚያከፋፍል ዩኒየን ነው። ስሙን አልጠራም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ስድስት ወር ኮምፒውተር ተማርኩና ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ይፈጅሻል እንዴ?" ትለኝ ነበር። ከዚያ ቤት ያወጡኝ ጋሽ ሁሴን ናቸው። የመጋዘኑ ኃላፊ ነበሩ፣ የሳጉሬ ሰው፤ ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። ለሥራ አስኪያጁ "እጇ ፈጣን የሆነ ልጅ አለች። ምላሷም እንደዚያው ነው፣ እሱን ቻሉት" ብለው ነገሩልኝና ኮምፒውተር ላይ መረጃ አስገቢ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ስሜ ራሄል ነው። እሳቸው ግን አንድም ቀን ራሄል ብለውኝ አያውቁም። "አሪፈቱ" ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ ችኩሏ እንደማለት ነው። ወረቀት ይዤ ግቢውን ስሮጥ ካዩኝ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው "ሱታ ጄዲ፣ አሪፈቱ። ቀስ በይ። ስንዴው አንቺ ስለሮጥሽ ቶሎ አይበቅልም" ይሉኛል። ጫኞቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፣ ግን አልቆምም።

አንድ ዓመት፣ የዘር ወቅት ሊገባ ሲል፣ አንድ ሌባ የሠራተኛ የይለፍ ቃል አግኝቶ በኮምፒውተር የሐሰት የወጪ ትዕዛዝ ሠራ። ሙሉ መኪና የስንዴ ዘር ጭኖ፣ በሩ ላይ ለዘበኛው ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ሰውየውም ዘሩም አልተገኙም። ያን ጊዜ ባዶ ጆንያ ይዘው ወደ ቤታቸው የተመለሱትን ገበሬዎች አይቻለሁ። ስለዚህ ዩኒየኑ አዲስ አበባ ካለ ድርጅት ዳዊት የሚባል ባለሙያ ሲያስመጣ ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ።

ዳዊት ያመጣውን ነገር ፕሌይቡክ ይለዋል። እኛ "ደብተሩ" አልነው። ነገሩ ቀላል ነው። ሌባ ገባ ተብሎ ሲጠረጠር ሰው ይደነግጣል፣ ይሯሯጣል፣ አንዱን አድርጎ ሌላውን ይረሳል። ደብተሩ ላይ ግን አስቀድማችሁ ትጽፋላችሁ፦ ይህ ከታየ መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያንን። ቀኑ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ራሱ ያነበዋል፣ ራሱ ይፈጽመዋል። አይደነግጥም፣ አይረሳም፣ ሻይ ልጠጣ አይልም። እኔ ይህን ስሰማ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኔ የሚፈጥን ነገር አገኘሁ ብዬ ነበር።

ዳዊት እዚሁ ሆኖ ስክሪኑን የሚከታተል ሰው ሲፈልግ እጄን አወጣሁ። ሦስት ሳምንት አብሬው ተቀመጥኩ። የእኛ ደብተር እንዲህ ነበር። አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ተከፍቶ ከታየ ለባለቤቱ ስልክ "እርስዎ ነዎት?" የሚል መልእክት ይሄዳል። መልስ ከሌለ ስክሪኑ ላይ "ይቀጥል" እና "ይቁም" የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይወጡልኛል። እኔ ዝም ካልኩ ደብተሩ ይቀጥላል። አካውንቱን ይዘጋል፣ ኮምፒውተሩን ከመስመር ያወጣል፣ ለሥራ አስኪያጁ ይጽፋል።

ዳዊት የመጠበቂያውን ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ብሎት ነበር። "በሠላሳ ደቂቃ ሌባው ናዝሬት ይደርሳል" አልኩት። ሳቀና አምስት አደረገው። የመጨረሻውን ተራ ደግሞ እኔ ጨመርኩ። የሰውየው ስምና ፎቶ ለዘበኛው ስልክ ይላክ፣ በሩ ላይ ይያዝ፣ የያዘው ነገር ይፈተሽ አልኩ። ያ ሌባ ሰላምታ ሰጥቶ መውጣቱ ሁሌ ያንገበግበኝ ነበር። ዳዊት "ይሄ አሪፍ ሐሳብ ነው፣ አዲስ አበባም ያሉት አላሰቡትም" አለኝ። ያን ቀን ከቢሮ እስከ ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ይሁን በባጃጅ አላስታውስም።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኛ ሰፈር ሰው ወጣ ሲል ቁልፉን ለጎረቤት ይሰጣል። ቢሮውም ውስጥ እንደዚያው ነበር። አርብ ጋሽ ሁሴን ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሲሄዱ፣ ገበሬው ቆሞ እንዳይጠብቅ እትዬ ጸሐይ በእሳቸው አካውንት ገብታ የወጪ ትዕዛዝ ትሠራላቸዋለች። እትዬ ጸሐይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ክፍሏ ከእኔ ክፍል ጎን ነው። በወር በወር ሚካኤል ሲሆን ደግሞ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስማ እስክትመጣ እሳቸው በእሷ አካውንት ይሠሩላታል። የይለፍ ቃሉን እሷም እሳቸውም በቃላቸው ያውቁታል። በሕጉ ክልክል ነው። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያነሳውም።

ሠራተኛው ሁሉ ስለ ደብተሩ ሥልጠና ሲሰጠው ጋሽ ሁሴን እጃቸውን አወጡ።

"ባለቤቱ ስልኩን ማንሳት በማይችልበት ቦታ ቢሆንስ?" አሉ።

"የት ቦታ?" አለ ዳዊት።

ጋሽ ሁሴን እኔን አዩኝ። "እንዲሁ ነው። ሰው ብዙ ቦታ ይሄዳል።"

ሰዉ ሲበተን ግቢ ውስጥ ጠበቁኝ።

"አሪፈቱ፣ የአርቡን ነገር ታውቂያለሽ። እዚያ ሰው ፊት ብናገረው ጸሐይን አስቀጣታለሁ። አንቺ ከእሱ ጋር ትግባቢያለሽ፣ በመላ በመላ ንገሪልኝ። አይሆንም ካለ እኛ ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን፤ አርብ መጋዘኑን ዘግቼም ቢሆን እሄዳለሁ።"

"እነግረዋለሁ፣ ጋሼ።"

"አትርሺ።"

"አልረሳም አልኩዎት እኮ።"

አልረሳሁም። እውነቱ ይሄ ነው፤ አልረሳሁም። ሰኞ ልነግረው ስል ደብተሩ ሥራ ጀመረ፣ ሰዉ ተሰበሰበ፣ ተጨበጨበ። ማክሰኞ ዳዊት "እዚህ ሰዎቹ የይለፍ ቃል ይዋዋሳሉ እንዴ? ሌላ ቦታ ሄጄ ይሄ ነበር ያስቸገረኝ" ሲለኝ "እኛ ጋ የለም" አልኩት። አፌ ነው ያለው። እኛ ኋላ ቀር አይደለንም ማለቴ ነበር። ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር ውሸቴን ማውጣት ሆነብኝ። ረቡዕ ነገ አልኩ። ሐሙስ ዳዊት ቀኑን ሙሉ ሳጉሬ ቅርንጫፍ ዋለ። ለጋሽ ሁሴንም "አልነገርኩትም" አላልኳቸው። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስንወጣ በሩ ላይ "ነገሩ እንዴት ሆነ?" ብለው ሲጠይቁኝ "ችግር የለም" ብያቸው ሮጥኩ።

አርብ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ዋለ። ሳጉሬና ዙሪያዋ ያሉት ገበሬዎች ዘር የሚወስዱበት ቀን ስለነበር ግቢው በር ላይ የፈረስ ጋሪ ተደርድሯል፣ አንድ ሁለት አይሱዙም አለ። ጋሽ ሁሴን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ መስገጃቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ። የመጋዘኑን ኮምፒውተር ጫኞቹ የቀረውን ክምችት እንዲያዩበት ክፍት ይተውታል። በመስኮቴ ሲያልፉ ጣታቸውን አንስተው "ሱታ" አሉኝ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስክሪኔ ቀላ። ዳዊት ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር፤ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ።

"መጣ" አለ። "የመጀመሪያው። ማነው?"

"ሁሴን። የመጋዘኑ ኃላፊ።"

"ሁለት ቦታ ገብቷል። አንዱ መጋዘኑ ነው፣ ሌላው እዚሁ ዋናው ሕንፃ ውስጥ ነው። ስልኩ?"

"መልስ የለም።"

"ሰውየው የት ነው ያለው?"

"ወጥተዋል" አልኩ።

መስጊድ ናቸው አላልኩም። ወጥተዋል ነው ያልኩት። ከግድግዳው ወዲያ የእትዬ ጸሐይ ማኅተም ይሰማኛል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ለእያንዳንዱ ገበሬ አንድ ትዕዛዝ፣ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ማኅተም። ሁለቱ ቁልፎች ስክሪኑ ላይ ወጡ። ይቀጥል። ይቁም። ከጎናቸው ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል።

"ምን ትያለሽ?" አለ ዳዊት። "አንቺ ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ።"

እጄ ማውሱ ላይ ነበር። "ይቁም" ብል ለምን ይለኛል። ጸሐይ ናት እለዋለሁ። እኛ ጋ የለም አላልሽም ወይ ይለኛል። ይሄ ሁሉ በጭንቅላቴ አለፈ። ሌላም ሐሳብ መጣብኝ፣ እሱን መጻፍ ነው የሚያሳፍረኝ። ደብተሩ እስከ መጨረሻው ሲሄድ ማየት ፈልጌ ነበር። የሠራሁት ነገር ሲሠራ ማየት። አካውንት ነው፣ ቢዘጋ በአንድ ቁልፍ ይከፈታል፣ ምን ይመጣል አልኩ።

"እንየው" አልኩት።

ምንም አልተጫንኩም። ሰዓቱ አለቀ። ተራዎቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። አካውንቱ ተዘጋ። ኮምፒውተሩ ከመስመር ወጣ። ለሥራ አስኪያጁ ተጻፈ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ማኅተም ቆመ።

"ያምራል" አለ ዳዊት ለራሱ።

እትዬ ጸሐይ በክፍሌ በር ብቅ አለች። "ራሄልዬ፣ ኔትዎርክ ጠፋ እንዴ? ያ ሁሉ ሰው ቆሞ..." አለችና ዳዊትን አየችው። ስክሪኑን አየች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ያለችውን ሳትጨርስ ተመለሰች።

ያኔ ነው ስድስተኛው ተራ አረንጓዴ ሲሆን ያየሁት። "ለጥበቃ ተልኳል።" የእኔ ተራ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ትዝ አላለኝም ነበር። ሌባ ሳስብ የጻፍኩት ነው። ጋሽ ሁሴንን ከዚያ ተራ ጋር አያይዤ አስቤ አላውቅም። ወንበሩን ገልብጬ ሮጥኩ።

ከቢሮው እስከ በሩ ሩቅ አይደለም። ጁምዓ አልቆ ሰዉ ከመስጊድ እየተመለሰ ነበር። ጋሽ ሁሴን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሲያወሩ መጥተው በሩ ላይ ደርሰዋል። ዘበኛው ጫላ ከፊታቸው ቆሟል፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ። ያ የዘር መኪና ሲያመልጥ በር ላይ የነበረው ጫላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ትዕዛዝ ከመጣ ለአባቱም አይመለስም።

"ጋሼ፣ መግባት አይችሉም" ይላል። አይናቸውን አያይም፣ ስልኩን ነው የሚያየው። "ይያዝ ይላል። የያዘው ይፈተሽ ይላል።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ኮምፒውተሩ ነው። ፎቶዎም አለ።"

ጋሪ ላይ የተቀመጡት ገበሬዎች ወደ በሩ ዞሩ። እነዚያ ሰዎች የእሳቸው አገር ሰዎች ናቸው። ልጅ ሲድሩ የሚጠሯቸው፣ ሲጣሉ የሚያስታርቋቸው ጋሽ ሁሴን ናቸው። ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ "ሀቱዳ?" አለ። ሌባ ነው እንዴ ማለቱ ነው።

ጋሽ ሁሴን መስገጃውን ከብብታቸው አውጥተው ለጫላ ሰጡት። ራሳቸው ናቸው የሰጡት። ጫላ ተቀበለ፣ ዘረጋው፣ አራገፈው። ምንም የለም። ምን ሊኖር ነበር? ከዚያ አጣጥፎ ሊመልስ ሲል ከእጁ አመለጠውና አንዱ ጫፍ ጭቃው ላይ ወደቀ።

"ተዋቸው፣ ጫላ" አልኩ። ትንፋሼ ተቆራርጧል። "ስህተት ነው። ተዋቸው።"

ጋሽ ሁሴን ዞር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ነግረሽው ነበር?" አሉኝ።

ቆምኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ዝም ብዬ ቆሜ አላውቅም።

"እሺ" አሉ። መስገጃውን ተቀበሉ፣ ጭቃውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ለገበሬዎቹ በኦሮምኛ "ትንሽ ጠብቁ፣ ዘራችሁን ሳትወስዱ አትሄዱም" አሏቸውና ከዳዊት ጋር ለመነጋገር ወደ ቢሮ ገቡ።

ዳዊትና ሥራ አስኪያጁ ጠየቋቸው። እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። "አካውንትዎን ማን ነው የከፈተው?" አሏቸው።

"እኔ ነኝ ከፍቼ የሄድኩት" አሉ።

"ሁለተኛውንስ?"

"እኔ ነኝ አልኩ እኮ።"

እትዬ ጸሐይ ከግድግዳው ወዲያ ታለቅሳለች። ሁላችንም ይሰማናል፣ ሁላችንም እንዳልሰማን ሆንን። የእሷን ስም ቢጠሩ እሷ ትባረራለች፤ ሁለት ልጅ ለብቻዋ ነው የምታሳድገው። የእኔንም ስም ቢጠሩ ይችሉ ነበር። "ይቺ ልጅ ታውቃለች፣ እነግራለሁ ብላኝ ነበር" ማለት ብቻ ነው። አይናቸውን እንኳ ወደ እኔ አላነሱም። ጉዳዩ እስኪጣራ ከመጋዘን ይነሱ ተባለ። ቁልፎቹን ከቀበቷቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ለገበሬዎቹ ግን ቃላቸውን ጠበቁ። ሥራ አስኪያጁን በእጅ የተጻፈ ትዕዛዝ ላይ አስፈርመው ዘሩን በሙሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካስጫኑ በኋላ ነው የሄዱት። ዝናቡ ያኔ ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ ዝም አልኩ። እሑድም ዝም አልኩ። ሰኞ ጠዋት ዳዊት ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ሁሉንም ነገርኩት። አርቡን፣ ሚካኤሉን፣ እኛ ጋ የለም ያልኩትን ውሸት፣ ሰዓቱ ሲቆጥር ማኅተሙን ስሰማ እንደነበር። አዳመጠኝና ብዙ አልተናገረም።

"ይሄን ብትነግሪኝ" አለ፣ "ጸሐይን በራሷ ስም አርብ አርብ ትዕዛዝ እንድትሠራ ፈቃድ እሰጣት ነበር። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ራሄል።"

የግማሽ ሰዓት ሥራ። ይሄ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ሰደበኝ፣ የደመወዝ ቅጣትም ጻፈብኝ። ይገባኛል። ለእትዬ ጸሐይ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ለጋሽ ሁሴን ደግሞ ንጹሕ መሆናቸውን የሚገልጽ፣ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ የሚጠይቅ ደብዳቤ ተጻፈ። እኔ ላድርስ ብዬ ለመንኩ። በሚኒባስ ሳጉሬ ሄድኩ።

ቤታቸው ደጅ ላይ እርፍ እያበጁ አገኘኋቸው። መቀመጫ አስመጡልኝ። አልተቀመጥኩም። ደብዳቤውን ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ጥሩ ተጽፏል" አሉ። "ማኅተምም አለው።"

"ጋሼ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ተነሽ። ይቅር ብያለሁ፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ። ልጅ ነሽ፣ ቂም አልይዝብሽም።"

"እንግዲያው ይመለሳሉ?"

ደብዳቤውን አጠፉና መልሰው ሰጡኝ። "በዚያ ቀን በር ላይ የነበረው ሰው ብዙ ነው፣ አሪፈቱ። አንዱ ከዶዶታ ነው፣ አንዱ ከዲገሉ፣ ሌላውን አላውቀውም። ይሄን ወረቀት ለሁሉም እየዞርሽ ታነቢላቸዋለሽ?"

ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"ሃያ ሦስት ዓመት በዚያ በር ገብቻለሁ። አሁን ስገባ ጫላ ስልኩን የሚያይ ይመስለኛል። እሱም ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። ምን ያደርጋል?"

"ያ ማሽን ነው እኮ ጋሼ፣ እሱ ነው እንጂ ማንም እርስዎን..."

"ማሽኑ ምን አጠፋ?" አሉ። "ያስተማርሽውን አደረገ። እኔ የነገርኩሽን አድርገሽ ቢሆን ኖሮ እሱም ባላስቆመኝ ነበር።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አላለም። እርፉን ማበጀት ቀጠሉ። ልጃቸው ፋጡማ ወተት አምጥታ ሰጠችኝ፣ ቆሜ ጠጣሁና ተመለስኩ።

ይህን የምታነቡት፣ ምናልባት ከእናንተ ውስጥ እንደ እኔ ማሽን የሚያዝ ሥራ ያለው ይኖራል። ከማሽን ራቁ አልላችሁም። ደብተሩ ዛሬም ይሠራል፣ እኔም ዛሬም ከፊቱ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እውነተኛ ሌባ ይዞልናል፣ ደስ ብሎኛል። ግን ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት ሰው ጆሯችሁ ላይ በሹክሹክታ የነገራችሁን ነገር አስቡ። ለማሽኑ ማንም ሹክ አይለውም። የሚሰማውን የሚሰማው በእናንተ በኩል ነው። እናንተ ደግሞ ዝም ካላችሁ፣ ዝምታችሁን ትእዛዝ ነው ብሎ ይፈጽመዋል። የተዘጋ አካውንት ተመልሶ ይከፈታል። በር ላይ የተዘረጋ መስገጃ ግን እንዳልተዘረጋ አይሆንም።

ስድስተኛውን ተራ በገዛ እጄ ሰረዝኩት። ሰዓቱ አሁን ምንም ያህል ቢቆጥር በራሱ አይቀጥልም፤ ሰው ተነስቶ ሄዶ በአይኑ አይቶ መምጣት አለበት። አርብ ስክሪኑ ሲቀላ ከወንበሬ ተነስቼ የምሄደው እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ የሚያየኝ ግን የለም።

ዘንድሮም የዘር ወቅት ነው። ባለፈው አርብ ጋሽ ሁሴን በጋሪያቸው መጡ። ለእርሻቸው ዘር ያስፈልጋቸዋል፤ ዘር ደግሞ ያለው እኛ ጋ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ አቁመው ፋጡማን ላኳት። ወረቀቱ የእሳቸውን ፊርማ ስለሚፈልግ ይዤ ተሻገርኩ። ጋሪው ላይ እንደተቀመጡ ፈረሙልኝ።

"ደብተርሽ ደህና ነው?" አሉኝ።

"ደህና ነው፣ ጋሼ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ፋጡማ ዘሩን እስክትረከብ ገብተው ይጠለሉ።"

"እዚሁ ደህና ነኝ።"

ዞር ስል ጫላ ከወንበሩ ተነስቷል። ማንም ሳያዘው የብረቱን በር ሁለቱንም ክንፍ እስከ ግድግዳው ድረስ ከፍቶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ከጎኑ ቆሟል። መኪና የሚያስገባ ያህል ሰፊ ነው። ዝናቡ ወረደ። ጋሽ ሁሴን ጆንያ በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ማዶ ተቀምጠው ጠበቁ። ፋጡማ ዘሩን ጫኞች አሸክማ እስክትወጣ ድረስ ጫላም በሩን አልዘጋውም።